ሰይድ የለቀቃት ዓሣ

ሐያት ኮል ስታደርገኝ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። «ጋሽ ወርቁ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። እኔ ታዲያ፣ አላህም እግዜርም ይቅር ይበሉኝና፣ ከአፌ የወጣው «ይዋሻል!» የሚል ነው። ልጅቷ በለቅሶዋ መሀል ሳቀች። «አይ ዊሽ» አለች። ምን ላርግ፤ አባቷ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ሳይከራከር ከተቀመጠበት ተነሥቶ አያውቅም። ዝም ብሎ ሄደ ሲሉኝ እንዴት ልመን?

የሐያትን አባት ሰይድን፣ እዚህ አሜሪካ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ የማያውቀው አበሻ የለም። የሚያውቁት በሁለት ነገር ነው። በምላሱና በዓሣዋ። ዓሣዋ ማለት ከዚህ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በትንሽ አውሮፕላን፣ ከዚያ በጀልባ ከሚደረስበት ደሴት ላይ ይዤ፣ አይቼ፣ ለቀቅኋት የሚላት ናት። ማንም አላመነውም። የነበረው ምስክር አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት «አላየሁም» ብዬ ካድኩት። ነገሩ ይኸው ነው። ይህን የምጽፈው ሰይድን መልአክ ለማድረግ አይደለም። መልአክ ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬው አልውልም ነበር።

የተዋወቅነው አሌክሳንድሪያ፣ ባለ አምስት ፎቅ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው። የሰው መኪና ተቀብለን እናቆማለን፣ ሲጠይቁን እናወጣለን። የመጀመሪያው ቀን «ወርቁ እባላለሁ» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «አይመስልም» አለ። በዚያው ጓደኛ ሆንን።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ቆቡን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል የደሴ ሰው ነበር። አንድ ልማድ ነበረው። ባለቤቱ መጥቶ መኪናውን ሲወስድ ሰይድ የኋላውን ሁለቴ መታ፣ መታ ያደርግና «ሂድ» ይላል። ፈረንጁ ሰማ አልሰማ ግድ የለውም። ሰውንም የሚሰናበተው እንደዚያው ነው፤ ጀርባህን ሁለቴ መታ፣ መታ፣ «ሂድ»። አንዴ ሥራ አስኪያጃችንን እንዲህ አድርጎት ሰውዬው መንገዱን ጀምሮ ሊፍት ጋ ሲደርስ ነው ማን ማንን እንዳሰናበተ ያሰበው።

ሌላው ደግሞ «ሪቨርስ አለው»፣ ወደ ኋላ ይመለሳል እንደማለት፣ የምትል ቃል ነበረችው። ወረቀትህ ኢሚግሬሽን ተበላሽቶብህ ስታዝን፣ «ሪቨርስ አለው» ይልሃል። ሚስትህ ስታኮርፍ፣ «ሪቨርስ አለው።» እኔ አንዴ አዲስ መርሴዲስ ከምሰሶ ጋር አሳስሜ ራሴን ይዤ ቁጭ ስል መጣና አየው። «ይሄ እንኳ የለውም» አለኝ።

የዓሣውን ነገር የጀመረው ሚስተር ዋልተር የሚባል ሽማግሌ ደምበኛችን ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናውን ለሰይድ እየሰጠ ይሄዳል። አንድ ቀን ሰይድ ከመኪናው ኋላ ያለ ረጅም ቧንቧ አይቶ «ይሄ ጠመንጃ ከሆነ ጣሪያ ላይ ነው የማቆመው» አለው። ሽማግሌው ሳቀ፤ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ የምሳ ሰዓት አምስተኛው ፎቅ ላይ፣ መኪና የማይወጣበት ጥግ ቆመው ዘንግ ሲያወዛውዙ ይውላሉ። ውሃ የለም፣ ዓሣ የለም። አስፋልቱ ላይ ዘይት የፈሰሰበትን ጥቁር ነጥብ ዓሣ ነው ይሉና፣ ክሩን ከኋላ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ አየር ላይ እየጠቀለሉ እዚያ ነጥብ ላይ ያሳርፉታል። እኔ ሳንድዊቼን እየበላሁ አያለሁ።

«ሰይድ፣ ደሴ ውስጥ ባሕር የት አየህ?» አልኩት።

«አንተስ ጉለሌ ውስጥ ሚሊኒየር የት አየህ? ሎተሪ ትቆርጣለህ አይደል?»

የዚህ ዓይነት ዓሣ ማጥመድ ትል አይፈልግም። መንጠቆው ላይ ላባና ክር አስረህ ትንሽ የባሕር ነፍሳት ታስመስላለህ። ዝንብ ይሉታል፤ ዝንብ ግን አይመስልም። ሰይድ የካሸሯ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያስራል። ላባውን ዊተን ካለው ሐላል ሥጋ ቤት ያመጣል፤ የአውራ ዶሮ አንገት። የሚያብለጨልጭ ክር ሲያጣ እኔን ለመነኝ። ባለቤቴ አስካለ፣ ይህን ካነበብሽ እንግዲህ ተቀመጪ። የጥምቀት ነጠላሽ ጥለት ጫፉ ላይ የተመዘዘው በአይጥ አይደለም። አሌክሳንድሪያ አፓርትመንታችን አይጥ ኖሮም አያውቅም።

ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነበር። ጨዋታ መሆኑ የቀረው ሐኪሙ ሰይድን «ግላኮማ አለብህ» ያለው ቀን ነው። ዓይኑ ከጎንና ከጎን እየጨለመ የሚመጣ፣ በመጨረሻ በቧንቧ ውስጥ እንደማየት የሚያደርግ፣ ከዚያም ቧንቧውን የሚዘጋ በሽታ ነው። የጋራዡ ጓዳ ውስጥ ገብቶ ነገረኝ። «ሪቨርስ አለው» አልኩት፣ በራሱ ቃል ላጽናናው ብዬ።

«የለውም» አለ። «ጠየቅሁት።»

አሁን ማንም ስለማያባርረን እውነቱን እናገራለሁ። ካሸር እስኪያደርጉት ድረስ ለስምንት ወር ያህል የሰውን መኪና ሲያቆም የምመራው እኔ ነበርኩ። ከኋላ እቆምና፣ «ና… ና… ቀኝ ስበር… ና… ቁም!» እላለሁ። ድምፅ በማይሰማበት ጊዜ የመኪናውን ኋላ በመዳፌ እነካለታለሁ። ግራውን ስነካ ወደ ግራ፣ ቀኙን ስነካ ወደ ቀኝ፣ ጠበቅ ሳደርግ ቁም። አንድ መኪና አልጫርንም። ያቺ መርሴዲስ ብቻዬን ስሠራ ነው።

በዚያው ሰሞን ሚስተር ዋልተር ሞተ። ሚስቱ አንድ ጠዋት ያንን ረጅም ቧንቧና አንድ ፖስታ ይዛ መጣች። ፖስታው ውስጥ ሽማግሌው ለራሱና ለአንድ ጓደኛው አዘጋጅቶት የነበረ ጉዞ አለ፤ አውሮፕላኑ፣ ማደሪያው፣ ጀልባው፣ ሁሉ ነገር። ላዩ ላይ ጽፎበታል። የሰይድን ስም።

«ለሁለት ሰው ይላል» አለኝ ሰይድ።

«ሐያትን ውሰዳት።»

«ሐያት ሥራ አላት። ደግሞ የሚያይልኝ ሰው ነው የምፈልገው። አንተ ከአራተኛ ፎቅ ሆነህ ታርጋ አነባለሁ ትል የለም?»

እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ከአራተኛ ፎቅ የማነበው የማውቀውን ታርጋ ነው።

ከመሄዳችን በፊት የሚፈልገውን በግልጽ ነገረኝ። «ወርቁ፣ መያዙ አይደለም። እዚያ ያለችው ዓሣ ጂን ናት አሉ። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም፣ ፀሐይ ነው፣ ብርጭቆ ነው፣ እሷ ግን ከፊትህ እያለፈች አትታይም። አይቶ ነው የሚወረወርላት። እኔ አንድ ጊዜ፣ ከመዘጋቱ በፊት፣ የማትታየውን ነገር ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ ይዝጋው።»

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ።

ደሴቷን ምን ብዬ ልጻፋት? አሸዋ ናት። ከቤት ይልቅ ሸርጣን ይበዛባታል። አስጎብኚያችን ክሊቭ የሚባል፣ ፊቱ ፀሐይ የጠበሰው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ለየአንዳንዳችን ሰማያዊ መስተዋት የመሰለ መነጽር ሰጠን፤ የውሃውን ብርሃን ስለሚቆርጥ አታውልቁ አለን። ሰይድ አየኝና «ባለሥልጣን መሰልክ» አለኝ። እኔም አላወለቅኩትም፣ እራት ላይ ሳይቀር። እራቱ ሁልጊዜ ዓሣ ነው፤ ከባሕር ቤተ ሰብ ውጪ ምንም አይበላም። ዓርብ ቀን ሳህኑን ገፋሁት።

«ዓርብ ነው፣ ጾም ነኝ።»

«ዓሣ ሥጋ ነው እንዴ?» አለኝ ሰይድ።

«ጎመን ነው?»

«ስለዚህ ምን ትበላለህ?»

«ዳቦ።»

«እኔ ሙስሊሙ ስለ አንተ ጾም ልጨነቅ? ብላ ወይም ተው፣ ዳቦውን ግን አካፍለኝ።»

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የጀልባዋ አሠራር እንዲህ ነው። ሰይድ ዘንጉን ይዞ ፊት ላይ ይቆማል። ክሊቭ ከኋላ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥቶ በረጅም አጣና ጀልባዋን ይገፋል፤ ዓሣውን የሚያየው እሱ ነው። እኔ መሀል ነኝ። የደሴቶቹ እንግሊዝኛ ፈጣንና ዜማ ያለው ስለሆነ ሰይድ አይገባውም፤ እኔ ይገባኛል አልኩ። ክሊቭም ለእኔ ነገረኝ። ጀልባዋን እንደ ሰዓት ቁጠሩ፤ አፍንጫዋ ትዌልቭ ነው፣ በቀኝ እጅ ስሪ ነው፣ በግራ ናይን ነው፤ ዓሣ ሳይ ሰዓቱን እጠራለሁ፣ ወደዚያ ይወርውር። ለሰይድ «ጀልባዋ ሰዓት ናት፣ ሰዓት ስጠራልህ ወርውር» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ክሊቭ ሹክ ይላል፤ «ትዌልቭ!»

እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ፈረንጅ ትዌልቭ ሲለኝ ስድስት ሰዓት ማለት የለመድኩ ሰው ነኝ። «ሰይድ! ስድስት ሰዓት!» እላለሁ። ሰይድ ደግሞ እጁ ላይ ያለችውን ሰዓት ከአገር ከወጣ ጀምሮ አላዞራትም፤ ስድስት ማለት ለእሱ የታችኛው ነው፣ ከኋላ። ዞሮ ወደ ኋላ ይወረውራል። ከኋላ ያለው ማነው? ክሊቭ። የመጀመሪያው ቀን የክሊቭን ባርኔጣ ያዘ። ሁለተኛው ቀን ሸሚዙን። ክሊቭ «ቴን!» ሲል እኔ «አራት!» እላለሁ፤ ዓሣዋ በግራ ስታልፍ ሰይድ በቀኝ የኋላ ጥግ ላይ ኤሊ ይመታል። ሁለት ቀን ሙሉ ያ ባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ በሰላም ኖረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክሊቭ አጣናውን አስቀምጦ ወረደ። በእርጥብ ጣቱ የጀልባዋ ወለል ላይ ክብ ሠራ፣ ቁጥሮቹን ጻፈ፣ ትዌልቭን ወደ ፊት አደረገ። ሰይድ ተንበርክኮ አፍንጫውን ወለሉ ላይ አስጠግቶ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ወርቁ። ስድስት ሰዓት ስትለኝ የነበረው ይሄንን ነው?»

«ትዌልቭ ስድስት ሰዓት አይደለም እንዴ?»

«ነው! ለምሳ ነው!»

«እንግዲህ ሰዓትህን አስተካክል። አሜሪካ ከገባህ ስንት ዘመንህ ነው?»

«ዓይኔን አምኜ የሰጠሁት ሰው! የሰውዬውን ጆሮ በጥሼው ቢሆንስ?»

«እኔ የተናገርኩት ትክክል ነው!»

እስከ ቀትር ድረስ አልተነጋገርንም። ዛሬም ቢሆን ትርጉሙ ትክክል ነበር እላለሁ።

ያ የመጨረሻው ቀናችን ነበር። ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ ክሊቭ ፀሐይዋን እያየ አንዲት ሰዓት ብቻ ቀረች አለ። ሰይድ ዘንጉን አስቀመጠና መስገድ እንደሚፈልግ በምልክት ነገረው። ነፋሱ ጀልባዋን እያዞረ ቂብላው አልጸናለት አለ፤ አንዴ ወደ መካ፣ አንዴ ወደ እኔ። ክሊቭ ማንም ሳያዘው ወርዶ አጣናውን አሸዋው ውስጥ ተከለና ጀልባዋን አቅፎ ያዘ፣ ሰይድ እስኪጨርስ ድረስ። እኔም መነጽሬን አወለቅሁ። ሳልፈልግ ነው ያወለቅኩት።

ሰይድ ሲነሣ አኩርፎ አልነበረም። «ወርቁ» አለኝ፣ «እንግሊዝኛህን ተው። እዚህ ከኋላዬ ቁም። እንደ ጋራዡ ምራኝ።»

መነጽሬን መልሼ አድርጌ ቆምኩ። መዳፌን ትከሻው ላይ አደረግሁ። አንድ ነገር ልናገር፤ ሁለት ቀን ተኩል ሙሉ «አየኋት፣ አየኋት» ስል አንድም ዓሣ አላየሁም። ያየሁት የክሊቭን ጣት ብቻ ነው። አሁንም የማየው ጣቱን ነው። ጣቱ ወደ ግራ ሲዞር የሰይድን ግራ ትከሻ ነካሁ። ዞረ። «ና… ና… ትንሽ ግራ ስበር… ና…» ክሊቭ በእጁ ሩቅ፣ ሩቅ አለ። «ቦታ አለህ፣ ና… ና…» ክሩ ከራሳችን በላይ ሁለት ጊዜ ሄደ መጣ። ትከሻውን ጠበቅ አደረግሁት። «ቁም!»

ጣለው። ልክ አምስተኛ ፎቅ ዘይቱ ላይ እንደሚያሳርፈው። የአስካለ ጥለት ውሃው ውስጥ ብልጭ አለ፣ ሰመጠ። ሰይድ ክሩን በግራ እጁ ቀስ እያለ ሳብ፣ ሳብ አደረገ።

ከዚያ ዘንጉ ላይ ያለው የክር መዘውር ጮኸ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ክሩ ከባሕሩ ማዶ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሰይድ ይስቃል፣ «ያ ረቢ!» ይላል፣ ይስቃል። እኔ «ፍሬን ያዝ! ፍሬን ያዝ!» እላለሁ። ክሊቭ ሁለት ቀን ተኩል ያላሰማውን ድምፅ አውጥቶ እየጨፈረ ነው። ሳበ፣ ለቀቀ፣ ሳበ። ሲደክማት ጀልባዋ ጋ መጣች፤ ሰይድ ከነሱሪው ውሃው ውስጥ ወረደ።

አየኋት። የክንዴን ያህል ናት፣ ብር ናት፣ ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ ጥላ የመሰለ መስመር አለባት። ሰይድ እጁን አርጥቦ ከሆዷ ሥር ያዛትና ከፍ አደረጋት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ከዓይኑ አራት ጣት ርቀት ላይ አድርጎ፣ ቁርኣን እንደሚቀራ ሰው ከራሷ ጀምሮ እስከ ጭራዋ መስመር በመስመር አያት። እኔን ረስቶኝ ነበር።

«መስተዋት ናት» አለ። «ወርቁ፣ እሷ ውስጥ ራሴን አየሁ።»

ከዚያ ነቃ። «ፎቶ! ቶሎ በል፣ ውሃ ትፈልጋለች!»

ክሊቭ ጀልባዋን ይዟል። የሰይድን ስልክ ሰጠኝ። ፀሐዩ ስክሪኑን ጥቁር አድርጎታል፤ ምንም አይታየኝም። ግን ተጫን ሲሉኝ የምጫን ሰው ነኝ። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ እርግጠኛ ለመሆን ደግሜ ተጫንኩ። «ይዤሃለሁ!» አልኩት።

«አሁን እንብላት» ስለው ደግሞ በዚያች ቧንቧ ዓይኑ ገላመጠኝ። «አጥንት ብቻ ናት፣ ደግሞ የአገሩ ደንብ አይፈቅድም። ይልቅ አየኋት። በቃኝ።» ውሃው ውስጥ ዝቅ አደረጋት፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ደግፎ ያዛት። ስትጠነክር ጎኗን በመዳፉ ሁለቴ መታ፣ መታ አደረገ።

«ሂጂ» አላት።

ሄደች።

ማታ እራት ላይ ስልኩን ዓይኑ ላይ አስጠግቶ ረጅም ሰዓት አየ። በጣቱ ገፋ፣ ቀጣዩን አየ፣ ገፋ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። በመጨረሻ ስልኩን ኪሱ ከተተና «ወርቁ» አለኝ፣ «አፍንጫህ ውስጥ ሁለት መኪና ይቆማል።»

ካሜራው ተገልብጦ ነበር። አሥራ አራት ጊዜ ያነሣሁት ራሴን ነው፤ ያውም ከታች። ክሊቭ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ፤ ሰይድ አሳየው፤ ያ የማይናገር ሰው ወንበር ይዞ ሳቀ። እኔ ሳህኔን ይዤ ውጪ ወጣሁ። ሰይድ ተከትሎኝ መጣ። «ለማንም አላሳይም» አለ። «ወላሂ። ይሄ የእኔና የአንተ ነው።»

ተመለስን። ሴቨን ኮርነርስ ውስጥ እኛ አበሾች የምንሰበሰብበት ሻይ ቤት አለ። ሰይድ ገብቶ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ጀመረ፤ ደሴቷን፣ ክሊቭን፣ ዓሣዋን። በላይ የሚባል ባለ ታክሲ አለ፤ አፉ እንደ መኪናው ሲነሣ አይቆምም። «እሺ ጋሽ ሰይድ፣ ፎቶው የታለ?» አለ።

«ፎቶ የለም» አለ ሰይድ።

«ይሄን የሚያህል ዓሣ፣ ፎቶ የሌለው! ከዚያስ ዓሣዋን ምን አደረጓት?»

«ለቀቅኋት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በላይ ጠረጴዛውን ይደበድባል። «በዓይኖም አያዩ፣ ሚጢጢ ሰርዲን ይዘው ይሆናል!» ሰይድ አብሮ እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ። «ወርቁን ጠይቁት። አጠገቤ ነበር።»

ሁሉም እኔን አየኝ። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «አዎ» ካልኩ ቀጥሎ «ታዲያ ለምን ፎቶ አላነሡም?» ይመጣል። ከዚያ አፍንጫዬ ይመጣል። ባለ ታክሲው እጅ ውስጥ ከገባ ደግሞ እስከ መቃብሬ አይለቀኝም።

«እኔ ፀሐዩ ዓይኔን ይዞኝ ነበር» አልኩ። «አላየሁም።»

ስልኩ እዚያው ኪሱ ውስጥ ነበር። አላወጣውም። ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀና ሊሄድ ሲነሣ በእኔ በኩል አልፎ ጀርባዬን ሁለቴ መታ፣ መታ አደረገ። ሂድ አላለኝም። ምነው ቢለኝ ኖሮ።

በሚቀጥለው ዓመት ቧንቧው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። ስለ ጤና፣ ስለ ቤት አይጠይቅም። «ወርቁ፣ ምን ትመስል ነበር?» ይላል። እኔም እነግረዋለሁ። የክንዴን ያህል፣ ብር፣ ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ ጥላ። «ጭራዋስ?» ሹካ ነው እለዋለሁ። «እሺ» ይልና ይዘጋል። ስልክ ላይ መቶ ጊዜ መስክሬለታለሁ። በሰው ፊት ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልመሰከርኩለትም። ሰዎቹ «ሰይድ ዓሣ» እያሉ ሲጠሩት፣ ሐያት ፊት ሳይቀር ሲስቁበት፣ እኔ ሻዬን አማስላለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እናገራለሁ እል ነበር። ብዙ ሳምንት ነበረን።

የቀበርነው ሐያት በደወለችልኝ በዚያው ቀን ነው፤ ሙስሊሞች አያቆዩም። አስከሬኑን የጫነው መኪና ከመስጊዱ ሲነሣ እጄ ሳላዘው ኋላውን ሁለቴ መታ፣ መታ አደረገ። ሾፌሩ የገጨው ሰው ያለ መስሎት ፍሬን ያዘ። «ሂድ፣ ሂድ» አልኩት።

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐያት ቤት ተሰበሰብን። ዱዓው አልቆ ሰው ስለ ሰይድ መጫወት ጀመረ። በላይም ነበር። በደግ ልቡ ነው፣ «ያ ዓሣ ግን! አላህ ይማራቸውና፣ እንዴት ያምር ነበር ውሸታቸው» አለ። ሁሉም ፈገግ አለ። ሐያት ግን አልሳቀችም። አንገቷን ደፋች።

ተነሣሁ። ጉልበቴ ጮኸ። «ውሸት አይደለም» አልኩ። «ይዟታል። አይቻታለሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

በላይ ተነሥቶ ክንዴን ይዞ፣ «ይቀመጡ ጋሽ ወርቁ» አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል። «ገብቶናል። ለሟች ብለው ነው። ጥሩ ጓደኛ ኖት።»

ይኸው! ስዋሽ አመኑኝ፣ እውነት ስናገር አባበሉኝ። ደሜ ፈላ። «ሐያት! የአባትሽን ስልክ አምጪ!»

«ጋሽ ወርቁ፣ እሱ ውስጥ ያለው እኮ…» አለችና ቆመች። አይታው ነበር። አፍራልኝ ነው። «የእርስዎ አፍንጫ ነው።»

«እሱን አሳዪያቸው!»

አሳየቻቸው። እንግዲህ የለቅሶ ቤት ነው፤ ሰው በመሐረብ አፉን ይዞ ለመቻል ሞከረ። አልቻለም። በላይ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዲት አሮጊት «አስተግፊሩላህ» እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰዓቱን፣ የክሊቭን ባርኔጣ፣ ትከሻውን፣ መዘውሩን፣ ሻይ ቤቱን። የስልክ ጥሪዎቹን ስነግራቸው ሳቁ ቆመ።

ሐያት ስልኩን አልለቀቀችም። ፎቶውን በሁለት ጣቷ ሰፋ፣ ሰፋ አደረገችው። «ዌይት» አለች። «ጋሽ ወርቁ፣ ዌይት። መነጽሩ።»

መስተዋት የመሰለው መነጽሬ። የቀኙ ዓይን ላይ፣ ሰማያዊው ውስጥ፣ ጥፍር የሚያህል ሰው ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ። እጁ ላይ የምታበራ ነገር ይዞ ወደ ዓይኑ አስጠግቷል።

ስንት ዓመት ኪሱ ውስጥ ይዟት ዞሯል። እሱ አይታየውም፤ እኔ ደግሞ ያንን ፎቶ እንዳላይ ምያለሁ።

በላይ ስልኩን ተቀብሎ ዓይኑ ላይ አስጠጋው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ «ይሄን ያህላል እንዴ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

አሁን ሐያት ፎቶውን አሳድጋ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ቆርጠሽ መነጽሩን ብቻ አድርጊው ብላት፣ «ኖ ዌይ፣ አባዬ ሙሉውን ነው ያስቀመጠው» አለችኝ። ስለዚህ ያ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሁለት የጋራዥ በር የሚያህል አፍንጫ ነው። ይስቃል። ይሳቅ። እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ከኋላው እቆምና መዳፌን ትከሻው ላይ አደርጋለሁ።

«ና… ና… ወደ ላይ… ትንሽ ቀኝ ስበር… ና… ቁም! እዚያ ነው። አየሃት?»

አየሁ እስኪል አለቀውም። ሲል ጀርባውን ሁለቴ መታ፣ መታ።

«ሂድ።»